የስልክ ጨረርና ጭንቅላታችን፦ ጠይቃችሁኛል፣ ልመልስ

ሐኪም አይደለሁም፣ ፊዚክስ ነው የማስተምረው። ስለ ስልክ ጨረር ጠይቁኝ ብል ጥያቄው ጎረፈ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጨረሩ ከራጅ ጋር አንድ ነው እንዴ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ራጅ ኤሌክትሮንን ከአተም ነቅሎ ያወጣል፤ ዲኤንኤን የሚጎዳውም በዚህ ነው። የስልክ ሞገድ የሬዲዮ ዘመድ ነው። ኤሌክትሮን ለመንቀል ከሚያስፈልገው ጉልበት ያለው የሚሊዮን አንድ እጅ ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ብዙ ሳወራ ጆሮዬ ለምን ይግላል?

መልስ፦ እህቴ፣ በአብዛኛው ስልኩ ራሱ ሞቆ ነው። ጆሮሽ ላይ ስትለጥፊው ደግሞ አየር አያገኝም። ሞገዱም በጥቂቱ ያሞቃል፣ ግን የደም ዝውውር ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። አሜሪካ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክፍል 1.6 ዋት፣ አውሮፓ 2 ዋት ብለው ጣሪያ ያስቀመጡት ለዚሁ ሙቀት ነው።

ጥያቄ፦ የዓለም ጤና ድርጅት «ካንሰር ያመጣል» ብሎ የለ?

መልስ፦ አላለም። የካንሰር ምርምር ኤጀንሲው በ2011 «ምናልባት ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ብሎ ምድብ 2ቢ ውስጥ ከተተው። ከሙሉ ቅጠሉ የተጨመቀ እሬትም በኋላ እዚያው ገብቷል! በ2024 ደግሞ ድርጅቱ ያስጠናው ግምገማ 63 ጥናቶችን አገላብጦ ከአንጎል ካንሰር ጋር ግንኙነት አላገኘም።

ጥያቄ፦ አይጦቹስ?

መልስ፦ የአሜሪካኑ ጥናት ማለትህ ነው፣ በ2018 ያለቀው። አይጦቹን በቀን 9 ሰዓት፣ ለ2 ዓመት፣ ሙሉ ሰውነታቸውን ለስልክ ጨረር አጋለጧቸው። በአንዳንድ ወንድ አይጦች ልብ ላይ ዕጢ ታየ። የሚገርመው ግን ጨረር የተሰጣቸው ወንዶች ካልተሰጣቸው የበለጠ ዕድሜ ኖሩ። ከዚህ ተነስቶ ስለ ሰው መናገር ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ ስለዚህ አእምሮ ላይ ምንም አያደርግም?

መልስ፦ እንዲህስ አልልም። እኔ በጣም የምወደው ጥናት የአንጎል ተመራማሪዋ የኖራ ቮልኮው ነው፣ 2011። የ47 ሰዎች ሁለቱም ጆሮ ላይ ስልክ አሰሩ። በአንደኛው ቀን የቀኙ ስልክ ለ50 ደቂቃ ጥሪ ላይ ሆነ፣ ድምፁ ግን ተዘግቷል። በሌላኛው ቀን ሁለቱም ጠፍተዋል። ብልሃቱ ይታያችሁ፤ ሰዎቹ ምንም ስለማይሰሙ ለውጥ ከታየ በወሬው ሊሳበብ አይችልም። ለስልኩ አንቴና ቅርብ የሆነው የአንጎል ክፍል የሚጠቀመው ግሉኮስ 7 በመቶ ገደማ ጨመረ። ማለትም አንጎል ሞገዱን ቸል አላለውም። ጎጂ ነው ወይ? ቮልኮውና ባልደረቦቿ ራሳቸው ለጤና ያለው ትርጉም አልታወቀም ብለው ነው የጻፉት።

ጥያቄ፦ እናቴ ገጠር ናት፣ ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ብቻ ነው።

መልስ፦ ጉብታው ላይ ይውጡ! ኔትወርክ ሲደክም ስልኩ አንቴናውን ለመድረስ ጉልበቱን ይጨምራል። ስለዚህ አንድ መስመር ብቻ በሚያሳይ ቦታ ጆሮ ላይ ለጥፎ ማውራት የባሰ ነው። ኢርፎን ወይም ስፒከር ከተጠቀሙ ደግሞ ርቀቱ ብዙውን ይቀንሰዋል። ቤታቸው አጠገብ አንቴና ቢተከል ደግሞ አትደንግጥ፤ ስልካቸው በትንሽ ጉልበት ነው የሚሠራው።

ጥያቄ፦ እርስዎስ እንዴት ነው የሚያወሩት?

መልስ፦ ስፒከር ላይ። ጨረሩን ፈርቼ ግን አይደለም፤ አንድ ጆሮዬ አይሰማም።