«ጎበዝ ነሽ፣ በርቺ» ተባልኩ፣ ስራው ግን ለሌላ ተሰጠ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፣ ሁሌ አነብዎታለሁ። በልጅነቴ ፖሊዮ ይዞኝ በሁለት ክራንች ነው የምሄደው፣ በአካውንቲንግ ተመርቄ ስራ እየፈለግኩ ነው። አንድ የግል ባንክ በዜሮ ዓመት ልምድ እንቀጥራለን ብሎ ማስታወቂያ አወጣ፣ የጽሁፍ ፈተናውን ወሰድኩ፣ ስማችን ከነውጤቱ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ሶስተኛ ነኝ፣ የሚፈልጉት ደግሞ ስምንት ሰው ነው። ኢንተርቪው አራተኛ ፎቅ ተባልኩ፣ ሊፍቱ አይሰራም፣ እንደምንም ወጥቼ ላብ በላብ ሆኜ ገባሁ። ስለ ሂሳብ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። «ቆመሽ መዋል ትችያለሽ? ከቤት እንዴት ትመጫለሽ? ማን ያግዝሻል?» ብቻ ነው። ስወጣ አንዷ «አንቺማ ጎበዝ ነሽ፣ በርቺ» ብላ በሩ ድረስ ሸኘችኝና ለታክሲ ብላ 200 ብር እጄ ውስጥ አስጨበጠችኝ። ስምንቱ ሲለጠፉ እኔ የለሁበትም፣ በፈተና ከኔ በታች የነበሩ ግን አሉ። ስደውል «ለራስሽ አስበን ነው፣ ስራው ይከብድሻል» አሉኝ። እናቴ ለእግዜር ስጪው ትለኛለች። ይሄ ነገር ህግ የለውም ወይ? ሲቪዬ ላይስ አካል ጉዳተኛ ነኝ ብዬ ልጻፍ?
ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ህግማ አለው፣ ያውም የቆየ ህግ። የአካል ጉዳተኞች የስራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ይባላል፣ ከሱ በፊትም ሌላ አዋጅ ነበረ፣ እሱን ሽሮ ነው የወጣው። የስራው ጠባይ ካልከለከለ በቀር ለቦታው የሚፈለገውን ችሎታ ያሟላና በውጤት የበለጠ አካል ጉዳተኛ ያለ አድልዎ ስራውን የማግኘት መብት አለው ይላል። እንዲያውም ከሌላው ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ካመጣ ቅድሚያ ለሱ ነው። አንቺ ሶስተኛ ነሽ፣ ተቀራራቢ የሚለው ውስጥ እንኳን መግባት አያስፈልግሽም። የስራው ጠባይ የሚሉት ነገር ካመጡ ደግሞ እኔ በበኩሌ እስከዛሬ ቆሞ ብር የሚቆጥር ቴለር አላየሁም፣ ሁሉም ወንበር ላይ ነው።

ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው፣ ሰው የማያውቀው አንቀጽ ሌላ ነው። በቅጥር፣ በእድገት፣ በዝውውር ወይም በሌላ የስራ ሁኔታ አካል ጉዳተኛ በመሆኔ አድልዎ ተፈጸመብኝ የሚል ሰው ፍርድ ቤት ሲሄድ የማስረዳት ሸክሙ እሱ ላይ አይደለም። አድልዎ አላደረግንም ብሎ ማስረዳት ያለበት ቀጣሪው ነው። አገራችን ውስጥ ስንቱ ከሳሽ ይሄን እድል ቢያገኝ ደስ ባለው! ታዲያ ለምንድነው ሰው የማይጠቀምበት ካልሽኝ፣ አንዱ ምክንያት እምቢታው በቃል ስለሚነገር ይመስለኛል፣ በስልክ፣ በሳቅ፣ በአይዞሽ፣ አንዳንዴም በታክሲ ብር። ማንም ሰው ደብዳቤ ላይ «በክራንች ስለምትሄድ አልቀጠርናትም» ብሎ ማህተም አይመታም።

ስለዚህ አሁን ወረቀት ሰብስቢ። ማስታወቂያውን እና ውጤቱ የተለጠፈበትን የቴሌግራም ፖስት ስክሪንሾት አድርጊ፣ ሳይጠፋ ዛሬውኑ። የደወልሽበትን ቀንና ሰዓት፣ ያናገረሽን ሰው የስራ ድርሻ፣ ያሉሽንም ቃል በቃል ጻፊው። ከዛ ለሰው ሃብት ክፍሉ አጭር ደብዳቤ፦ በዚህ ቀን በወጣ ማስታወቂያ ተወዳድሬ ይሄን ነጥብ አምጥቻለሁ፣ ያልተመረጥኩበት ምክንያት በጽሁፍ ይገለጽልኝ። በሁለት ኮፒ ይዘሽ መዝገብ ቤት ሂጂ፣ አንዱን ስጪያቸው፣ አንቺ ጋ የሚቀረው ላይ ቀንና ቁጥር ያለው የገቢ ማህተም አስመቺ። ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ እንዳትመለሺ፣ ማህተም ከሌለው አልደረሰንም ማለት ይችላሉ። መልስ ከሰጡ ሰጡ፣ ዝም ካሉም ዝምታው ላንቺ ነው የሚጠቅመው። እሱን ይዘሽ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ወይም የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መሄድ ትችያለሽ፣ ኮሚሽኑ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚከታተል ክፍል አለው። ፍርድ ቤት ልሂድ ካልሽ የጊዜ ገደብ ነገር ስለሚኖር ቶሎ ጠበቃ አማክሪ። እናትሽ ለእግዜር ስጪው ማለታቸው ክፋት የለውም፣ ለእግዜር ስጪው፣ ኮፒውን ግን ለመዝገብ ቤት።

ስለ አራተኛ ፎቁ፦ በ2001 ዓ.ም የወጣው የህንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ያኔውኑ ህዝብ የሚገለገልበት ህንፃ በዊልቸር ለሚሄድም ደረጃ መውጣት ለማይችልም መግቢያ ይኑረው ብሎ ነበር። ሆኖም የኛ ከተማ ራምፕ፣ ያ በደረጃ ፈንታ የሚሰራው ተዳፋት መውጫ፣ እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ወይ ግድግዳ አክሎ የቆመ ነው፣ ወይ ጫፉ ላይ ጄኔሬተር ተቀምጦበታል፣ ወይ የተወለወለ ሴራሚክ ነው፣ ጎማው ያለቀ ክራንች ይዘሽ ዝናብ ቀን ብትወጪበት መውደቂያ። የተሰራው ለፈቃድ እንጂ ለሰው አይመስልም።

ሲቪው ላይ አትጻፊ ነው የምለው። ጻፊ የሚልሽ ህግ የለም፣ ሲቪ ስለ ትምህርትሽና ስለ ስራሽ ነው። ለፈተና ወይም ለኢንተርቪው ስትጠሪ ግን ቀድመሽ በኢሜይል ወይም በቴክስት «በክራንች ስለምንቀሳቀስ ምድር ቤት ወይም ሊፍት ባለበት ይሁንልኝ» በያቸው። የስራ ስምሪት አዋጁ ተመጣጣኝ ማመቻቸት የሚለው እንዲህ አይነቱን ነው፣ የስራ ቦታውንም እቃውንም የስራ ሰዓቱንም ይጨምራል። ካመቻቹልሽ ጥሩ፣ ካላመቻቹም መጠየቅሽ በጽሁፍ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ስለበሳጨሁ ነው። ስለ አካል ጉዳተኝነት ሲወራ ሁሌ የየትነበርሽ ንጉሤ ስም ይነሳል፣ መነሳትም አለበት፣ ዓይነ ስውር ሆና ህግ ተምራ በ2017 እ.ኤ.አ ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የወሰደች ሰው ናት። ግን እኮ ዜሮ ዓመት ልምድ ለሚጠይቅ ቦታ ዓለም አቀፍ ተሸላሚ መሆን አይጠበቅብሽም። እግሩ ደህና የሆነ ልጅ መካከለኛ ሆኖ፣ ስምንተኛ ወጥቶ ይቀጠራል፣ አንቺም መካከለኛ ሆነሽ የመቀጠር መብት አለሽ። ሶስተኛ መውጣትሽ ትርፍ ነው። ጎበዝ ነሽ እያሉ የሚሸኙሽ ሰዎች ይሄ አልገባቸውም።

ጥያቄ፦ የአንድ ድርጅት የሰው ሃብት ባለሙያ ነኝ። ለኮል ሴንተራችን ካመለከቱት አንዱ ዓይነ ስውር ነው፣ ድምፁም አነጋገሩም ከሁሉም ይሻላል፣ ስራ አስኪያጃችን ግን ለሱ የሚሆን ሶፍትዌር በሚሊዮን ብር ነው የሚገዛው ብሎ ፈራ። እውነት ነው?
ጂ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ አይደለም። ኤንቪዲኤ የሚባለው ዊንዶውስ ላይ ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም በነፃ ነው የሚወርደው፣ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የሚባል ድምፅ አማርኛም ያነባል፣ ድምፁ የሮቦት ነው፣ ለጀማሪ ይከብዳል፣ የለመደው ሰው ግን አፍጥኖ ነው የሚያዳምጠው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ደግሞ ያንኑ የሚሰራ ቶክባክ አለ። ወጪያችሁ ጥሩ ሄድፎን ቢሆን ነው። የሚያስቸግራችሁ የራሳችሁ ሲስተም ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዱ ያለ ማውስ አይከፈትም፣ ስለዚህ ልጁን ጥሩትና ኪቦርድ ብቻ ይዞ አብሯችሁ ይሞክረው፣ የሚያስፈልገውንም ከእርስዎ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ማህተም ተመትቶ ስካን የተደረገ ደብዳቤ ግን ለፕሮግራሙ ፎቶ ነው፣ አያነበውም፣ ለሱ የማይክሮሶፍት ወርድ ፋይሉን ላኩለት።

ስራ አስኪያጁ አሁንም ካመነቱ የሙከራ ጊዜ ለሁሉም ሰራተኛ አለ፣ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 እስከ 60 የስራ ቀን ነው። ለሱም ያው ነው፣ ሲጀምር ሌሎቹን በምትመዝኑበት ፎርም መዝኑት።