እማዬ መቼ ተወለደች?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የመንዝ፣ የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ፤ የምሠራው ግን አዲስ አበባ ነው። የእማዬ መታወቂያ ላይ የትውልድ ቀኗ «መስከረም 1 ቀን 1949» ይላል። እኛ ልጆቿ በመጪው እንቁጣጣሽ 70ኛ ዓመቷን ልናከብርላት አስበናል። ኬኩም ዲኮሩም ቪዲዮውም በሰርፕራይዝ እንዲሆን ነው የፈለግነው። ትልቁ ወንድሜ ግን «ልደት የፈረንጅ ነው፤ አታስቀይሟት» ብሎ አኮረፈ። እሷን በዘዴ ስጠይቃት ደግሞ «ዕድሜ አይቆጠርም። መስከረም አንድንም ያ የቀበሌው ልጅ ነው የጻፈው» አለችኝ። የምታውቀው ይህን ብቻ ነው፦ በማርያም ተወለደች፤ ዘመኑ ሉቃስ ነበር፤ ክርስትና የተነሣችው በከተራ ዕለት ነው፤ ጃንሆይን ሊገለብጡ የተነሡ ጊዜ ጥጃ ትጠብቅ ነበር። ከዚህ ምን ይገኛል? ብናከብርላትስ ነውር አለው?

መልስ፦ ልጄ፣ እናትሽ ቀኑን ከነዓመቱ ነግረውሻል። ወረቀትና እርሳስ አምጪና አብረን እንቁጠር።

ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ነው። ከተራ ጥር 10 ነው። እንግዲህ ወደ ኋላ ሂጂ። ከጥር 10 ቀን፣ ከታኅሣሥ 30፣ ከኅዳር 30። ይሄ 70 ነው። የቀረውን 10 ቀን ከጥቅምት መጨረሻ ስትወስጂ፣ የተወለዱበትን ቀን ጨምሮ፣ ጥቅምት 21 ላይ ታርፊያለሽ። 21 ደግሞ ማርያም ናት። እናትሽ በማርያም ተወለድኩ ካሉት ጋር ልክ ገጠመ።

ዓመቱም አይከብድም። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምረሽ ለ4 ስታካፍዪው 3 ከተረፈ ዘመኑ ሉቃስ ነው። በዚህ ስሌት 1943፣ 1947 እና 1951 ሉቃስ ነበሩ። ጃንሆይን ለመገልበጥ የተሞከረው በታኅሣሥ 1953 ነው። በ1951 ተወልደው ቢሆን ያኔ ገና የ2 ዓመት ሕፃን ናቸው፤ ጥጃ አይጠብቁም። በ1943 ቢሆን 10 ዓመት ሞልቷቸዋል። በመንዝ የ10 ዓመት ልጅ በግ ይዛ ሜዳ ትወርዳለች፣ ሱፍም ትፈትላለች። ደጅ ላይ ጥጃ የሚያስጠብቋት በ5 በ6 ዓመቷ ነው። ስለዚህ እናትሽ የተወለዱት ጥቅምት 21 ቀን 1947 ነው። መታወቂያው ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ዕድሜ ቀንሶባቸዋል።

መስከረም 1 ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ደብረ ብርሃን አንደኛ ክፍል ሳስተምር በምዝገባ ሰሞን ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ይሰለፉ ነበር። «መቼ ተወለደ?» ስንላቸው «የሰኔ ሚካኤል ማግስት» ይላሉ፤ ወይም «ገብሱ ሲታጨድ» ይላሉ። የሰኔ ሚካኤል ማግስት ማለት ሰኔ 13 ነው፤ መዝገቡም ላይ እንደዚያው መጻፍ ይቻላል። የቸኮለ ጸሐፊ ግን «አያውቁትም» ብሎ መስከረም 1 ያደርገዋል። ይሄ ነገር እስከዛሬ ያንገበግበኛል። እነዚያ እናቶች ልጆቻቸው የተወለዱበትን ቀን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ጀምሮ ልደት በወሳኝ ኩነት ይመዘገባል፤ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ 90 ቀን ነው። የወንድሞችሽ ልጆች ካልተመዘገቡ በዚሁ አጋጣሚ አስመዝግቧቸው።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። የሚለው ነገር እውነት አለበት። በእኛ አገር በየዓመቱ የሰው ልደት ማክበር ልማድ አልነበረም። ድግሱ ልጁ የተወለደ ለታ ነው። እልልታው ይቀልጣል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ከዚያ ክርስትናው አለ። ከዚያ በኋላ እስከ ሠርግ ድረስ ማንም ለአንድ ልጅ ብሎ ድንኳን አይጥልም።

መወለድን ማክበር የፈረንጅ ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ታኅሣሥ 24 ቀን ቡልጋ፣ ኢቲሳ ሂዱና እዩ፤ ሕዝቡ የሚወጣው ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልደት ነው። አጼ ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 እዚሁ አንጎለላ ነው፤ ዕለቱ አሁንም ይታሰባል። ገና ልደት ነው። የግንቦት ልደታ ንፍሮ በየደጁ የሚበላው ለእመቤታችን ልደት ነው። የይፋት ሙስሊም ወገኖቻችንም መውሊድን በድምቀት ያከብራሉ። ከውጭ የመጣው ኬኩና ሻማው ነው። ወንድምሽን ያስኮረፈውም እሱ ይመስለኛል፤ እሱን ለመተው ደግሞ አትቸገሩም።

እኔን ብትሰሚኝ መስከረም 1ን ተዉት። እንቁጣጣሽ የሁሉም ቀን ነው፤ የእሳቸው ብቻ የሆነ ቀን ተገኝቶላቸዋል። ጥቅምት 21 ቀን 2019 ቅዳሜ ይውላል፤ ከአዲስ አበባ ለምትመጡት ይመቻል። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱም ደርቋል። ያን ዕለት 72 ይሞላቸዋል፤ ዘመኑም እንደተወለዱ ጊዜ ሉቃስ ነው።

ሰርፕራይዙን ግን እቃወማለሁ። በዚህ ዕድሜ ያሉ እናት በር ሲከፍቱ ሃያ ሰው ቢጮህባቸው ይደነግጣሉ። ደግሞም የመንዝ ሴት እንግዳ እንደሚመጣ ሳታውቅ፣ ጠላ ሳትጠምቅ፣ ቤቷን ሳትለቀልቅ ሰው ከገባባት ታፍራለች። ቀድማችሁ ንገሯቸው። «ዕድሜ አይቆጠርም» ያሉትንም አክብሩላቸው፤ ኬክ ላይ 72 ብላችሁ አትጻፉ። እናቴም እንደዚሁ ነበረች። ቁጥር ሲጠራባት ሞት የሚሰማት ይመስለኝ ነበር።

ምን ይደረግ ካልሽኝ፣ መጀመሪያ የማርያም ማኅበር እንዳላቸው ጠይቂ። በእሳቸው ዕድሜ ያለ የአገራችን ሴት የማርያም ጽዋ ባይኖራት ይገርመኛል። ካላቸው የማኅበሩን ሙሴ፣ ማለት መሪውን፣ አነጋግሩና የጥቅምት ተራ የእናትሽ ይሁን። ወጪውን እናንተ ልጆቿ ቻሉ። ዳቦው ይደፋ፣ ጠላው ይጠመቅ፣ ካህኑ ይመርቁ። ጎረቤቱ ሁሉ ቤታቸው ይገኛል፤ እሳቸውም «ልደት ተከበረልኝ» ብለው አይሸማቀቁም። አንድ ነገር ብቻ ቀድመሽ አጣሪ። ጥቅምት 21 ጽጌ ጾም ውስጥ ነው። ጾሙ የፈቃድ ቢሆንም ብዙ እናቶች ይጾሙታል። የሚጾሙ ከሆነ ሽሮውና ምስሩ በደንብ ይሠራ። የማይጾሙ ከሆነ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ነውና በግ እረዱ።

ማኅበርተኛው ከሄደ በኋላ እናንተ ልጆቿ ብቻ ቅሩ። ቡና ይፈላ። ያን ስልክሽን አውጪና ድምፃቸውን ቅጂ። ማን አዋለዳቸው? የክርስትና እናታቸው ማን ነበረች? ስማቸውን ማን አወጣላቸው? በሚናገሩበት ሰዓት አታቋርጧቸው፣ ቀን አታርሟቸው። ሲጨርሱ ተራ በተራ ጉልበት ስማችሁ ተመረቁ። ስጦታ ካላችሁ ጋቢ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሴት ልጄ የተወለደችው ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ነው። በአራት ዓመት አንዴ ልናከብርላት ነው? አሜሪካ ያለችው አክስቷ ደግሞ ሁልጊዜ በእንቁጣጣሽ ነው የምትደውለው። (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ አክስቷ አልተሳሳተችም። ያ ዕለት በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ በሆነችበት ዓመት ሴፕቴምበር 11 ከእኛ መስከረም 1 ጋር ይገጥማል። እናንተ ግን ጳጉሜን 5 ላይ አክብሩላት፤ የዓመቱ ማብቂያ ናትና ለልደቷ የቀረበችው እሷ ናት። ወደ መስከረም 1 ከገፋችሁት የልጅቷ ቀን በበዓሉ ይዋጣል። ትክክለኛዋ ጳጉሜን 6 በ2019 መጨረሻ ትመጣለች። ያን ዓመት ሰፋ አድርጋችሁ ደግሱላት።

ጥያቄ፦ ልጄ ኬጂ 2 ናት። የክፍሏ ልጆች ልደት በመጣ ቁጥር ወላጆች ባለ ሁለት ደርብ ኬክ ይዘው ይመጣሉ፤ ፎቶ አንሺ ያመጣም አለ። ልጄ «የኔስ መቼ ነው?» እያለች ታስጨንቀኛለች። ደመወዜ ደግሞ የቤት ኪራይ ከፍሎ ምንም አይተርፈው። ምን ላድርግ? (አባት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተበድረህ ኬክ እንዳትገዛ። የ5 ዓመት ልጅ የምትፈልገው መሐል ላይ ቆማ ጓደኞቿ እንዲያጨበጭቡላት ነው። ይሄን ከብዙ ልጆች ጋር ውዬ አይቼዋለሁ። ኬኩ ስንት ደርብ እንደነበር የሚቆጥረው ወላጅ ነው። በጣም የሚያሳዝነኝ ደግሞ ምንም ያልመጣላቸው ልጆች ናቸው፤ የሌላውን ኬክ እየበሉ ዓይናቸው እንባ ያቀራል።

እኔ ሳስተምር እንዲህ አደርግ ነበር። በወሩ መጨረሻ ዓርብ፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ በዚያ ወር የተወለዱት ሁሉ አብረው ከፊት ይቆማሉ። የተወለዱበት ቀን የማይታወቀውንም እኔ ወር እመድብላቸዋለሁ። ይዘፈንላቸዋል። ከዚያ አንድ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ፦ «ስምህን ማን አወጣልህ? ለምን?» ልጆቹ ቀደም ብለው ቤት ጠይቀው ይመጣሉ። ጥጋቡ እህሉ በያዘበት ዓመት ተወልዶ ነው። ምትኬ ከእሷ በፊት የሞተች እኅት ነበረቻት። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ይሰማል። የሚበላው አንድ ድፎ ዳቦ ነው፤ ወላጆች ተራ ገብተው ይጋግራሉ።

ይሄንኑ ለልጅህ አስተማሪ ንገራት። በደብዳቤ ሳይሆን ልጅህን ስታደርስ በአካል አነጋግራት። መጀመሪያ ግን እንደ አንተ የከበዳቸውን ሁለት ሦስት ወላጆች አግኝና አብራችሁ ግቡ፤ ብቻህን ከሄድክ «አቅም አንሶት ነው» ሊሉህ ይችላሉ። ኬክ ማምጣት የሚፈልግ ወላጅ ካለ ቤቱ ያክብር። ዛሬ ማታ ደግሞ ልጅህን ጭንህ ላይ አስቀምጣትና የተወለደችበትን ሌሊት አውራላት፤ ማን ሆስፒታል እንዳደረሳችሁ፣ ዝናብ ይሁን ብርድ፣ መጀመሪያ ያቀፋት ማን እንደሆነ።