ሳቢያን ላለሽው እህቴ፦ ጽጌረዳውን ተይው

አቦ ጥያቄሽን አነበብኩት። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር አዲስ ቤት ገብተሻል፣ ግቢው ባዶ ነው፣ እንደ እናትሽ ግቢ የድሮ አበባ እንዲሞላው ትፈልጊያለሽ። ግን ጠዋት ወጥተሽ ማታ ነው የምትገቢው፣ ውሃም በፈረቃ ነው። እኔ ገንደ ቆሬ ነኝ፣ የኔም ነገር ቁርጥ ያንቺ ነበር። ዛሬ ደጃፌ ላይ ሙሽሮች ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ስለዚህ ስሚኝ።

1. ጽጌረዳ እንዳትገዢ። በተለይ ያንን ከደጋ በመኪና ተጭኖ የሚመጣውን። አንድ ችግኝ ሻጭ «ይሄ ለዲሬ ሙቀት የተዘጋጀ ነው፣ ካልያዘልህ እቀይርልሃለሁ» ብሎ አሸከመኝ። ዋጋውን አልነግርሽም፣ ባለቤቴ እዚህ ግሩፕ ውስጥ አለች። መጀመሪያ ላይ እውነትም አማረ። ሚያዝያ ላይ ግን ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ቢጫ ስልሽ እንደ ደረቀ ቅጠል አይደለም። ገላው ይገረጣል፣ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ሻጩ ጋ ሄድኩ፣ «ውሃ አንሶት ነው» አለኝ። ውሃ ጨመርኩ፣ ባሰበት።

ነገሩ ወዲህ ነው። የውሃ ማፍያሽን ውስጡን እዪው። ያ ነጭ ቅርፊት የውሃችን ካልሲየም ነው። አፈሩም ውስጥ ይጠራቀማል። ያኔ አፈሩ ብረት እያለው ሥሩ መውሰድ ያቅተዋል፣ ቅጠሉም ይገረጣል። የአበባ ማሰሮዎቼ አፋቸው ላይ በጥፍር የሚፋቅ ነጭ ነገር ነበራቸው። እንግዲህ «አጠጣ» የተባልኩት መድኃኒቱን ሳይሆን በሽታውን ነው! ይሄን ይዤ ስመለስ ሰውዬው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ደረሰኝ አለህ?» ደረሰኝ የሰጠኝ ይመስል። ከኋላዬ ለቆመች ሴትዮ ደግሞ ያንኑ ጽጌረዳ በዚያው ቃል እየሸጠላት ነበር። እኔም ዝም አላልኩም፣ ሴትዮዋ ባዶ እጇን ነው የሄደችው።

ጽጌረዳ ካላየሁ ካልሽ አንድ ብቻ ማሰሮ ላይ ትከይ፣ የክረምት ውሃ በበርሜል አጠራቅመሽ እሱን አጠጪው።

2. ቡገንቪሊያ። ከዚራ ሂጂና የድሮ ቤቶቹን አጥር ተመልከች። ያን ሁሉ ቀይና ሐምራዊ ማን ሲያጠጣው አየሽ? ቡገንቪሊያ ውሃ ሲበዛበት ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ሲጠማው ነው የሚያብበው። ላንቺ ዓይነት ሰው የተፈጠረ ነው። (በነገራችን ላይ ቀዩ አበባ አይደለም፣ ቅጠል ነው። አበባው መሃል ላይ ያለችው ሚጢጢ ነጭ ናት።) ለችግኝ ገንዘብ አታውጪ። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ የጠነከረ ቅርንጫፍ ለምነሽ ቁረጪ፣ ቅጠሉን አራግፊ፣ አፈር የሞላ ፌስታል ላይ ሰክተሽ ጥላ ውስጥ አቆዪው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲይዝ ጥሩ ጊዜ ነው። ወደ መሬት ስታዛውሪው ፌስታሉን ቅደጂ እንጂ ችግኙን ይዘሽ አትሳቢ፣ ሥሩ ቶሎ ይበጠሳል።

3. ፍየል። የሰፈራችሁን ፍየሎች አላውቅም፣ የኛዎቹ ግን በር ገርበብ ሲል ነው የሚጠብቁት። አንዱ ወዳጄ «አፈሩ እንዳይደርቅ ገራባ አልብሰው» ብሎ መከረኝ፣ የጫት ትራፊ ማለቱ ነው። ገራባ ለዲሬ ፍየል ድግስ ነው አቦ! ገለባ ይሻላል። ፍየል የማይነካው ኦሊያንደር የሚባል ቁጥቋጦ አለ፣ በረሃም ድርቅም አይበግረውም። ግን ከቅጠል እስከ እንጨቱ መርዝ ነው፣ ጭሱም ሳይቀር። ልጆች ካሉሽ ባታስገቢው ይሻላል።

እና ያ የእናትሽ ግቢ አበባ ያልሽው። «ማታ ማታ የሚሸት፣ ሮዝና ቢጫ» ካልሽ አወቅኩት፣ በእንግሊዝኛ «ፎር ኦክሎክ» የሚሉት ነው። ከሰዓት 10 ሰዓት ግድም ይከፈታል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲበረታ ይጨማደዳል። ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚገባ ሰው ከዚህ የተሻለ አበባ የለም፣ ሌላው አበባ ሁሉ አንቺ በሌለሽበት ነው የሚያምረው። ሥሩ እንደ ድንች ያብጣል፣ ላዩ በበጋ ቢደርቅ እንዳትነቅዪው፣ ዝናብ ሲመጣ ራሱ ይነሳል። ዘሩ ጥቁር ነው፣ ቁንዶ በርበሬ ያክላል፣ ሕፃናት አፍ እንዳይገባ። አንዴ ከዘራሽው ዘሩን ራሱ እያራገፈ ይቀጥላል። ከግርጌው ያችን ቪንካ የሚሏትን ባለ አምስት ቅጠል ሮዝና ነጭ አበባ፣ አስፋልት ስንጥቅ ውስጥ የምትበቅለውን ትከይ። አገሯ ማዳጋስካር ነው አሉ፣ ዲሬን ግን ከኔ በላይ ለምዳዋለች። በር ጥግ ደግሞ ሪሃን የሚሉትን ባለ መልካም ሽታ ቅጠል ትከይ።

ዘሩም የቡገንቪሊያው ቅርንጫፍም እኔ ጋ ሞልቷል፣ በነፃ። ቅዳሜ ጠዋት ፌስታል ይዘሽ ነይ። ከ8 ሰዓት በኋላ ከመጣሽ በርጫ ላይ ነኝ፣ በሩን ብትሰብሪውም አልሰማሽም።