ከሰል ሲነድ ማሱ ወደ ኢነርጂ ይቀየራል?

ከኮምቦልቻ የጻፍሽው የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ «አንድ ኪሎ ከሰል ነዶ የሚተርፈው ጭብጥ አመድ ነው። የጎደለው ማስ በአንስታይን ቀመር መሠረት ሙቀት ሆኖ ነው?» ብለሻል። አይደለም። ግን አብሽሪ፣ ደሴ ላይ ፊዚክስ ሳስተምር ይህን የሚጠይቅ ተማሪ ያጣሁበት ዓመት የለም። ጥሩ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ከሰሉ የት እንደገባ እንይ። ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው። ሲነድ ከአየሩ ኦክስጅን ይወስድና ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። 1 ኪሎ ንጹህ ካርቦን ሙሉ በሙሉ ከነደደ፣ 2.7 ኪሎ ገደማ ኦክስጅን ይጨምርበትና 3.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ማለትም ጋዙ ከከሰሉ ይከብዳል! በዓይናችን ስለማናየው ነው የጠፋ የሚመስለን።

የአንስታይን ቀመርስ? እሱም እዚሁ አለ፤ ግን ድርሻው ኢምንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 የወጣው ሐሳብ ኢነርጂ ማለት ማስ በብርሃን ፍጥነት ስኩዌር ሲባዛ ነው ይላል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሜትር አድርገሽ በራሱ ስታባዢው 9 ጽፈሽ 16 ዜሮ ትደረድሪያለሽ። 1 ኪሎ ከሰል የሚሰጠው ሙቀት ደግሞ 30 ሚሊዮን ጁል (የኢነርጂ መለኪያ) ገደማ ነው። ይህን ለዚያ አካፍዪው። የሚመጣልሽ የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ፣ የእሱም ሲሶ ነው። የገበያ ሚዛን አይደርስበትም።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ተማሪ «ማስ ጠፍቶ ኢነርጂ ይሆናል» ብሎ ይሸመድዳል። እኔ የምመክርሽ «ኢነርጂ ራሱ ማስ አለው» ብለሽ እንድትይዢ ነው። ከሰሉንና ኦክስጅኑን ሙቀትም ብርሃንም በማያሳልፍ ሳጥን ውስጥ ዘግተሽ ብታነጂው ሚዛኑ ንቅንቅ አይልም። ሙቀቱ እዚያው ውስጥ ነዋ። ያቺ ኢምንት የምትቀንሰው ሙቀቱ ወጥቶ ሳጥኑ በደሴ ብርድ ሲቀዘቅዝ ነው። ማሱን ይዞት የወጣው ሙቀቱ ነው። የጋለ ብረትም ከቀዘቀዘው በጥቂቱ የሚከብደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው በአቶም እምብርት፣ ማለትም በኒውክለስ ውስጥ ነው። ፀሐይ ውስጥ አራት የሃይድሮጅን ኒውክለሶች ተዋህደው አንድ ሂሊየም ሲሆኑ፣ ማሳቸው 0.7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ኪሎ ለኪሎ ብናወዳድረው ከከሰል 20 ሚሊዮን ጊዜ ያህል የሚበልጥ ኢነርጂ ነው። ፀሐይ በዚህ መንገድ በየሰከንዱ 4 ሚሊዮን ቶን ገደማ ማስ ታጣለች፤ እሱም በብርሃን መልክ ይሄዳል።

ለፈተናሽ፦ ኬሚስትሪ ላይ «ማስ አይጠፋም» የሚለውን ሕግ ሳትጠራጠሪ ተጠቀሚበት፤ ልዩነቱ ለስሌትሽ አይደርስም። የኒውክለስ ጥያቄ ሲመጣ ግን ከመነሻው ማስ የመድረሻውን ቀንሺ፣ ወደ ኪሎግራም ቀይሪ፣ ከዚያ በ9 እና በ16 ዜሮዎቹ አባዢ። ግራሙን ሳትቀይሪ እንዳታባዢ፤ ተማሪዎቼ ነጥብ የሚያጡት እዚያ ላይ ነው።