ቃሪያ ላይ ለወጣ ክሽክሽ

ቅጠሉ ተጨማዶ ጀርባው ላይ አረንጓዴ ትንንሽ ተባይ ከተሰገሰገ፣ ያው ክሽክሽ ነው። ኬሚካል ሳልገዛ ምን ላድርግ ላልሽው፣ መጀመሪያ በውሃ ግፊት እጠቢው፣ ብዙው እዚያው ይራገፋል። ከዚያ 1 ሊትር ውሃ ላይ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ አመሻሽ ላይ ርጪው። ኦሞ እንዳትሞክሪ፣ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ የቅጠሉን ጀርባ በደንብ ካላዳረስሽ ከላይ ከላይ ረጭቶ አልሰራም ማለት አያዋጣም። በየ4 ወይም 5 ቀኑ ድገሚው። ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ፣ አሳድረሽ፣ አጥልለሽ ብትጨምሪበትም ይሆናል፣ ሽታው ግን ወይኔ! ጉንዳን ግንዱ ላይ ከተመላለሰ እሱንም አባሪ፤ ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚልስ እንደ ከብት ይጠብቀዋል። ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላትን ጥንዚዛ ግን እንዳትነኪያት፣ ክሽክሽ በላተኛ ናት።