ዋናውን ቋንቋ ሳያውቁ የትርጉም ልቦለድን መመዘን፦ ከኮምቦልቻ ለጠየቁን እህታችን

ሰላም ለእርስዎና ለመላው የቡድናችሁ አባላት። ከሥራ ባልደረቦችዎ ጋር ሆነው ቀደምት የአማርኛ ልቦለዶችንና ወደ አማርኛ የተመለሱ ሥራዎችን እያነበባችሁ ዳሰሳ ለመጻፍ ማሰባችሁን ገልጸው ሦስት ነገር ጠይቀዋል። ከየትኛው መጽሐፍ መጀመር ይሻላል? ዋናው ሥራ የተጻፈበትን ቋንቋ የማያውቅ አንባቢ የትርጉም ሥራን ሊመዝን ይችላል ወይ? አባላት በአንድ መጽሐፍ ላይ ሳይስማሙ ሲቀሩስ ዳሰሳው በማን ሐሳብ ይጻፋል? እኔ እዚህ ደሴ ውስጥ እንዲህ ባለ የንባብ ማኅበር ለዓመታት ስለ ቆየሁ፣ ያየሁትንና ሲሠራ ያገኘሁትን ልጻፍልዎት። ሌላው ሁሉ የሚቆመው በሦስተኛው ጥያቄዎ ላይ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

የእኛ ማኅበር አንድ ጽኑ ደንብ አለው፤ ማንም አባል ስለ መጽሐፉ የሌላውን አስተያየት ከመስማቱ በፊት የራሱን በወረቀት ላይ ያሰፍራል። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ነገር ግን ከወደደውም ካልወደደውም ቢያንስ አንዳንድ ቦታ ከነገጽ ቁጥሩ መጥቀስ አለበት። ይህን ደንብ ያወጣነው በአገራችን ይሉኝታ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ስለምናውቅ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰው ወይም የቋንቋ መምህር ቀድመው «ይህ ታላቅ ሥራ ነው» ካሉ፣ መጽሐፉ ከመካከሉ ጀምሮ የደከመበት ወጣት ሐሳቡን ውጦ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ዳሰሳ በስም የሁሉም ሆኖ በእውነቱ የአንድ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ጽሑፎቹ የሚነበቡት ከታናሽ ወደ ታላቅ ነው። የተጻፈ ነገር በእጅ ካለ ደግሞ ለማፈግፈግ ያስቸግራል፤ ያ መልካም ችግር ነው።

ካልተስማማችሁ አታስታርቁ። የሁለት ተቃራኒ ሐሳቦች አማካይ ማንንም የማይረዳ ዳሰሳ ይወልዳል። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በአንድነት ስናነብ አንድ አባላችን ጉዱ ካሣ የደራሲው አፍ ሆኖ ስለሚናገር ገጸ ባሕርይነቱ ይሳሳል ብሎ ጻፈ፤ ሌላዋ ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ የሚያስበውን ለመናገር የሚደፍር ሰው እርሱ ብቻ በመሆኑ፣ ብቸኝነቱ ራሱ ሙሉ ሰው አድርጎታል ብላ ተከራከረች። ሁለቱም ከነገጾቹ አስረድተዋል። እኛም ሁለቱን ጎን ለጎን አወጣናቸው፤ ካነበቡት ሰዎች ብዙዎቹ መጽሐፉን እንደገና ለመክፈት የተነሡት በዚያ ክርክር የተነሣ መሆኑን ነግረውናል።

ስለዚሁ መጽሐፍ አንድ ነገር ልጨምር፤ የእናንተም ስብስብ እንደ እኛው የክርስቲያንና የሙስሊም ልጆች የተቀመጡበት እንደሚሆን ስለምገምት ይጠቅማችኋል። ብዙዎቻችን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የምናውቀው በ1958 ዓ.ም. ከታተመው መጽሐፍ ይልቅ ከወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው፤ ድምፁ በጆሮአችን ስላለ ገጹን ስናነብ እንኳ የምንሰማው እርሱን ነው። ከዚህ ነጻ ያወጡን የአብነት ትምህርት ቤትን ሕይወት የማያውቁት ሙስሊም አባሎቻችን ነበሩ። በዛብህ በትምህርት ያለፈባቸውን ደረጃዎች፣ ስለ ስለቱ፣ ስለ ድቁናው እየጠየቁ ሲያስቆሙን፣ እኛ «ይህማ የታወቀ ነው» ብለን የዘለልነው ሁሉ ታሪኩን የሚያንቀሳቅስ ኃይል መሆኑን አየን። ዳሰሳ ጸሐፊ ለማያውቅ አንባቢ ሲያስረዳ ራሱ በደንብ ያነባል። እንዲህ ያለው ጠያቂ በመካከላችሁ ካለ የጥያቄውን ማስታወሻ በጥንቃቄ ያዙት፤ ለዳሰሳው ከሁሉ የተሻለው መነሻ እርሱ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ። አዎን፣ ይቻላል፤ ግን ምን እንደምትመዝኑ ለይታችሁ ማወቅ ይኖርባችኋል። ሩሲያኛ የማያውቅ ሰው «ተርጓሚው ለዋናው ታማኝ ነው» ብሎ ሊፈርድ አይችልም፤ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በዳሰሳ ውስጥ ሳይ አዝናለሁ፣ ጸሐፊው ያላየውን ይመሰክራልና። ከዚህም በላይ በፈረንሳይኛና በሩሲያኛ የተጻፉ ብዙ ሥራዎች ወደ አማርኛ የገቡት በእንግሊዝኛ በኩል ስለሆነ፣ ተርጓሚው ራሱ ታማኝ የሆነው ለሌላ ተርጓሚ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የመጽሐፉን የፊት ገጾችና መግቢያውን ተመልከቱ፤ ከየትኛው ቋንቋ እንደተመለሰ ተገልጿል ወይ፣ ሽፋኑ ላይ «ትርጉም» ይላል ወይስ «ውርስ ትርጉም»? ውርስ ትርጉም ከሆነ ተርጓሚው ስምና አገር የመለወጥ፣ የማሳጠርና የማስፋት ፈቃድ ወስዷልና በሌላ መስፈርት ይመዘናል።

ቀጥሎ ማንም ሊያደርገው የሚችል ማጣሪያ አለ፤ እርሱም የመጽሐፉን አካል መቁጠር ነው። የዲክንስ «የሁለት ከተሞች ታሪክ» በእንግሊዝኛው 3 መጻሕፍትና 45 ምዕራፎች አሉት፤ የዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» 6 ክፍሎችና አንድ መደምደሚያ አለው፤ የማርጋሬት ሚቸል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለው ልቦለድም 63 ምዕራፎች አሉት። በእጃችሁ ያለው የአማርኛ ቅጂ ከዚህ ካነሰ አሳጥሮ የተተረጎመ ሊሆን ይችላል ወይም ምዕራፎቹ ተጣምረዋል፤ የትኛው እንደሆነ ፈልጋችሁ ለአንባቢ ንገሩ። አሳጥሮ መተርጎም ነውር አይደለም፤ ሳይነገር ሲቀር ግን አንባቢው ያላነበበውን እንዳነበበ ያስባል።

ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደ አማርኛ መጽሐፍ አንብቡት። እኛ በተለይ የገጸ ባሕርያቱን ምልልስ ጮክ ብለን እናነባለን። እንግሊዝኛ ለሎሌውም ለጌታውም አንድ መጠሪያ ሲኖረው፣ የአማርኛ ተርጓሚ ግን በእያንዳንዱ ምልልስ «አንተ»፣ «አንቺ» ወይም «እርስዎ» ብሎ መወሰን አለበት፤ በዚህም የሰዎቹን ግንኙነት ይተረጉማል። ሁለት ፍቅረኞች ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የሚሻገሩት የት ላይ ነው? ልጅ አባቱን ሲቆጣ አክብሮቱ ይጠፋል ወይስ ይቆያል? መልካም ተርጓሚ ይህን አስቦበት ያደርገዋልና በመጽሐፉ ውስጥ ሥርዓቱ ይታያል፤ ያላሰበበት ግን በአንድ ገጽ ላይ ሲያከብርና ሲያዋርድ ይገኛል። ይህን ለመመስከር አማርኛን በደንብ ማወቅ እንጂ ሌላ ቋንቋ አያስፈልግም። ከአባላት አንዱ እንግሊዝኛውን የሚያነብ ከሆነ ደግሞ አንድ ምዕራፍ መርጦ ያስተያይ፤ በዳሰሳው ውስጥ ግን ያስተያየው ያን ምዕራፍ ብቻ መሆኑ ይጻፍ።

ስለ ትርጉም ሲነሣ እኔ በሙሉ ልቤ የምመክረው መጽሐፍ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ያሳተመው «ራስላስ» ነው። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። የእኛን አካባቢ በቀጥታ ስለሚነካ ለወሎ አንባቢ ልዩ ጥያቄ ያስነሣል። ጆንሰን አገራችንን አላየም፤ ወጣት ሳለ የፖርቱጋላዊውን ሚሲዮናዊ የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1735 አሳትሞ ነበር፤ ስለ እኛ የነበረው እውቀት በአብዛኛው ከእንዲህ ያሉ መጻሕፍት የመጣ ነው። በልቦለዱ መጀመሪያ የንጉሡ ልጆች በአማራ ምድር በተራሮች በተከበበ፣ ምንም በማይጎድልበት ሸለቆ ውስጥ ተዘግተው ይኖራሉ፤ ልዑሉም ሁሉ ተሟልቶለት ሳለ ደስታ በማጣቱ ለመውጣት መንገድ ይፈልጋል። ከዚህ ሥዕል በስተጀርባ ያለው በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት የነበረው የግሸን አምባ ወሬ ነው።

ግሸን አምባሰል ውስጥ ነው፤ ከማኅበራችንም መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም በዓል የሚወጡ አሉ። እነርሱ መጽሐፉን ሲያነቡ የመጀመሪያው ስሜታቸው ቅሬታ ነበር፤ ወጥተው የሚያውቁት አምባ ነው፣ ጆንሰን ግን ወደ ሸለቆ አውርዶታል፣ ሐይቅም ጨምሮበታል። ክርክሩ ረጅም ነበር። በመጨረሻ ብዙዎቻችን የደረስንበት ሐሳብ፣ ደራሲው የጻፈው የሰው ልጅ ምኞቱ ሁሉ ቢሟላለት ይረካ እንደሆነ የሚመረምር ልቦለድ በመሆኑ፣ አምባውን በሸለቆ መለወጡ ስሕተት ተብሎ ሊያዝበት አይገባም የሚል ነው፤ አምባ ሰውን ከዓለም በላይ ያደርጋል፣ ሸለቆ ግን ከዓለም ይሰውረዋል፣ ለታሪኩም የሚስማማው ሁለተኛው ነው። ሆኖም አንድ አባላችን እስከ መጨረሻው አልተቀበሉም፤ የአገርን ስም የወሰደ ደራሲ የአገሩንም ዕዳ ይወስዳል አሉ። ይህም በዳሰሳው ውስጥ በስማቸው ገባ። እኔ በሐሳባቸው ባልስማማም፣ ያለ እርሳቸው ዓረፍተ ነገር ዳሰሳው ጎደሎ ይሆን እንደነበር አምናለሁ።

ተመሳሳይ ፈተና ስለ ራሳችን በተጻፉ የአማርኛ ልቦለዶችም ይገጥማችኋል። የብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» የወሎን ረሃብ ያነሣል፤ ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩ አባላት ካሏችሁ መጽሐፉን እንደ ምስክር እንጂ እንደ አንባቢ ላይዙት ይችላሉ። ምስክርነታቸው ውድ ነው፣ በአክብሮት ይሰማ፣ ይጻፍም፤ ነገር ግን «እንዲህ አልነበረም» የሚለውና «እንዲህ አያሳምንም» የሚለው ሁለት የተለያዩ ፍርዶች ስለሆኑ በዳሰሳው ውስጥ በተለያየ አንቀጽ ይቀመጡ።

የነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ነቢይ የሚቸልን ልቦለድ በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ መተርጎሙ የታወቀ ነው፤ ርእሱንም ከልቦለዱ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ወስዶታል። ይህ ታሪክ ከመጽሐፉ ባልተናነሰ ልብን ይነካልና ዳሰሳ ጸሐፊዎች እርሱን ተርከው ይጨርሳሉ። እኔ በአንድ አንቀጽ በሙሉ አክብሮት ተነግሮ ወደ ትርጉሙ ቢታለፍ እመርጣለሁ፤ ተርጓሚው ያን ያህል የደከመው አማርኛው እንዲነበብለት ነውና፣ ዓረፍተ ነገሮቹን ሳይመረምሩ መከራውን ብቻ ማወደስ ሥራውን መተው ነው። በአጠቃላይ የተርጓሚው ስም በዳሰሳችሁ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከደራሲው ስም ጎን ይግባ። በሕይወት ያለ ተርጓሚ ከሆነም ጉድለቱን ከነገጹ በጨዋ ቋንቋ ጻፉ፤ «አሰልቺ ነው» የሚል ቃል ያለ ማስረጃ ሰውን ያስቀይማል እንጂ አያርምም።

የመጀመሪያው ጥያቄዎ አጭር መልስ አለው፤ በአጭር መጽሐፍ ጀምሩ። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ውስጥ የታተመና የአማርኛ ልቦለድ መጀመሪያ ተብሎ የሚጠቀስ ሥራ ሲሆን፣ አንዲት ቅጂ እየተቀባበላችሁ ብታነቡት እንኳ ቶሎ ታደርሱታላችሁ። ቋንቋው ይከብዳል፤ ጮክ ብሎ ሲነበብ ግን ይፈታል። የኅሩይን «ወዳጄ ልቤ» ከያዛችሁ ምሳሌያዊ ታሪክ መሆኑን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ከበዓሉ ግርማ ልቦለዶች የምንጠብቀውን ዓይነት ሰው ከእርሱ መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም። «አደፍርስ»ን ግን ለጊዜው አቆዩት። የዳኛቸው ወርቁ ሥራ ትዕግሥት የለመደ ስብስብ ይፈልጋል፤ ያልለመደ ስብስብ ከእርሱ ጀምሮ ሲበተን አይቻለሁ።

ቅጂ በማግኘት ረገድ የቆዩ ኅትመቶች ኮምቦልቻ ላይ ካጣችሁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡትን ጠይቁ፤ በሚገኘው ቅጂ ልክ መጽሐፍ መምረጥ፣ መጽሐፍ መርጦ ቅጂ ከመፈለግ ይቀላል። የተለያየ ዘመን ኅትመት ይዛችሁ ከመጣችሁ የገጽ ቁጥሩ አይገጥምምና ምዕራፉንም ጥቀሱ። ረጅም መጽሐፍ ሲሆን ለሁለት ወይም ለሦስት ስብሰባ ከፍላችሁ፣ በየክፍሉ ማስታወሻ ጻፉ፤ አንባቢ በመካከል የጠረጠረውን ነገር መጨረሻውን ካወቀ በኋላ ይረሳዋልና። ሳይጨርስ የመጣ አባል መቀመጥም መናገርም ይፈቀድለት፤ የደረሰበትን ምዕራፍ አስቀድሞ ይናገር እንጂ። የዚያን መጽሐፍ ዳሰሳ ግን ያልጨረሰ ሰው አይጻፈው። ሐረጎን ወጥታችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ እኛ ብትመጡ የ«ጦቢያ»ን ቅጂ እናውሳችኋለን፤ ያለፉትን የአባላት ማስታወሻዎችም ታያላችሁ።