አዴኖማ ነው ሜኒንጂዮማ? ላልሽው እህቴ

«ሪፖርቴ ፒቱታሪ አካባቢ 16 ሚሊሜትር እብጠት፣ አዴኖማ ወይም ሜኒንጂዮማ ይላል፤ ኤምአርአይ ለይቶ አይናገርም እንዴ?» ላልሽው እህቴ፤ ብዙውን ጊዜ ይናገራል፣ በደንብ ከተነሳ። ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር ያለች ሆርሞን አመንጪ ዕጢ ናት፤ አዴኖማ ከራሷ የሚነሳ፣ ሜኒንጂዮማ ደግሞ ከአንጎል ሽፋን የሚነሳ እብጠት ነው። እኔ ሰባት ወር ተቃጥዬበታለሁና ስሚኝ።

1. የተነሳሽው ተራ የጭንቅላት ኤምአርአይ ከሆነ ይደገም በይ። ተራው በ5 ሚሊሜትር ገደማ እየቆረጠ ነው የሚያነሳው። ፒቱታሪ ራሷ አተር ብታክል ነው፤ ሁለት ቁርጥ ላይ ታልቃለች። ማዘዣው ላይ «የፒቱታሪ ኤምአርአይ» ተብሎ ይጻፍልሽ፤ በ2 ወይም በ3 ሚሊሜትር፣ ከፊት ለፊትና ከጎን፣ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያደምቀው መርፌ) ሳይወጉሽም ከወጉሽ በኋላም። የኩላሊት ችግር ካለብሽ አስቀድመሽ ተናገሪ።

2. የምስሉን ሲዲ ሳትቀበዪ እንዳትወጪ! እኔን መዝገብ ክፍል ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ሲዲ ለታካሚ አይሰጥም፤ ብታዪው ምን ሊገባሽ?» አለችኝ። ሦስት ቀን ተመላልሼ ወረቀት ብቻ ይዤ ቀረሁ። ወረቀቱ «አዴኖማ» ይላል። ፕሮላክቲኔ (የጡት ወተት የሚያመጣው ሆርሞን) ደግሞ ከተለመደው ከፍ ብሎ በሚሊሊትር 68 ናኖግራም ነበር። ሐኪሙ ሁለቱን ደመረና ካበርጎሊን፣ ፕሮላክቲን የሚያመነጭ አዴኖማን የሚያሟሽሽ መድኃኒት፣ ጀመረልኝ። ያንን ሲዲ ሌላ ሰው ቢያየው ኖሮ ቢያንስ «ይደገም» ይለኝ ነበር።

መድኃኒቱ ፕሮላክቲኑን አወረደው፤ ደስ አለን። እብጠቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ቀስ በቀስ የቀኝ ዓይኔ የዳር እይታ ጠፋ። በር ሳልፍ ትከሻዬን እመታለሁ፣ ሰው ከጎኔ ብቅ ሲል እደነግጣለሁ።

ለካ ፒቱታሪን ከአንጎል የሚያገናኛትን ግንድ የትኛውም እብጠት ሲጫነው ፕሮላክቲን መጠነኛ ከፍ ይላል። ፕሮላክቲን የሚያመነጭ አዴኖማ እንደ አንቺው 16 ሚሊሜትር ያህል ሲያድግ ግን ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ያልፋል። 68 ብቻውን ምስክር አይሆንም ነበር።

ቋንቋችንም አያግዝም። ፒቱታሪም ዕጢ፣ በሽታውም ዕጢ። «ዕጢሽ ላይ ዕጢ አለ» ሲሉኝ የቱ የቱ እንደሆነ ማን ይጠይቃል?

ሁለተኛው ኤምአርአይ ላይ ራዲዮሎጂስቷ ስክሪኑን ወደኔ አዞረችልኝ። በእስክሪብቶዋ ጫፍ እያሳየች፦ «ይቺ ከታች ተጨፍልቃ የተኛችው ፒቱታሪሽ ናት። እብጠቱ ከላይ፣ ለብቻው ነው።» አዴኖማ ቢሆን ከራሷ ከፒቱታሪ ስለሚነሳ ለይቶ ማየት ያስቸግራል፤ የተቀመጠችበትን የአጥንት ጎድጓዳ ያሰፋል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ወገቡ ላይ ጠብቦ ስምንት ቁጥር (8) ይመስላል። የእኔ ጎድጓዳ አልሰፋም። እብጠቱ ኮንትራስቱን እኩል ጠጥቶ ደምቋል፤ ከአንጎል ሽፋኑ ጋርም ቀጭን ነጭ ጭራ አለው። ጭራው ብቻውን አያስፈርድም፤ አንድ ላይ ሲታይ ግን ሜኒንጂዮማ ነው። ቀዶ ጥገናው ላይ የተወሰደው ናሙናም ያንኑ አለ። ካበርጎሊን ደግሞ ሜኒንጂዮማን አያሟሽሽም።

3. ሌሎቹን የእብጠት ዓይነቶችም ጠይቂ። ውሃ የቋጠረ ከረጢትና የካልሲየም ፍርፋሪ ካለ ክራኒዮፋሪንጂዮማ፣ እዚያው አካባቢ የሚበቅል ሌላ ዓይነት እብጠት፣ ይጠረጠራል፤ ፍርፋሪውን ሲቲ ስካን የተሻለ ያሳያል። ያበጠ የደም ሥር አለመሆኑም ማንም ቢላ ከማንሳቱ በፊት ይረጋገጥ።

እብጠቱ የዓይንን ነርቭ ሊጫን ስለሚችል የዓይን ዙሪያ እይታ ምርመራሽን ግን ነገ ዛሬ አትበዪ። ፕሮላክቲንሽ ስንት ነው? ሪፖርቱስ ፒቱታሪዋን ለብቻዋ ጠቅሷታል? ጻፊልኝ።